ሞተሪኖው ሳይበላሽ ሞተሪኖ ለምን ይቀየራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር ዋና አዘጋጅ ሆይ፣

በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ፣ መጀመሪያ በጭነት በኋላም በሕዝብ ማመላለሻ መኪና፣ ከሃያ ዓመት በላይ መሪ ጨብጬ የኖርሁ የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ ነኝ። ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ በደብረ ብርሃን ከተማ ብርዱ በጠና ቁጥር የማየው ነገር ነው። ማለዳ ላይ ስታርት አልወስድ ያለ መኪና ሁሉ ሞተሪኖው፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ይፈታል፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው አይመለስም፣ በሌላ ይተካል። ባለቤቱ ከፍሎ ይሄድና ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው መኪና በዚያው ሰፈር ሲገፋ ይታያል። ከእነዚህ መኪኖች የብዙዎቹ ሕመም ያለው ሞተሪኖው ላይ ሳይሆን ወደ ሞተሪኖው ኃይል በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው፤ ይህንንም አንድ ብሎን ሳይፈታ በአነስተኛ መለኪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማወቅ ይቻላል። ይህን የምለው ከራሴ ኪስ ከፍዬ ስለተማርሁት ነው።

ከዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ተሳፋሪ ሞልቼ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ለመነሣት ቁልፉን ሳዞር መኪናዬ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ውርጩ የፊት መስታወቱን እንደ ጨው ሸፍኖት ነበር። ደግሜ አዞርሁ፣ አሁንም «ቀጭ» ብቻ። ተሳፋሪዎቹ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ወረዱ፤ ገፍተውልኝ ተነሣች። ያን ዕለት ወደ ማታ ጋራዥ አስገባኋት። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ፣ የፊት መብራቱን አስበራኝና ቁልፉን አንድ ጊዜ ካስዞረኝ በኋላ «መብራትህ ደህና ነው፣ ባትሪህ ሙሉ ነው፤ ያለቀው ሞተሪኖው ነው» ብሎ ፈረደ። መለኪያ አላወጣም፤ ገመዱ የሚታሰርበትን የባትሪውን ራስም በእጁ ነካ አላደረገም። ከወር ገቢዬ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍዬ አዲስ የተባለ ሞተሪኖ አስገጠምሁ። አራት ቀን ሰላም ሆነች፤ በአምስተኛው ቀን መሐል ሜዳ አድራ በማለዳው ያችኑ «ቀጭ» አሰማችኝ። ተመልሼ ስሄድ የገባው ሞተሪኖ ጥሩ እንዳልነበረ ተነግሮኝ ሌላ ተቀየረልኝ፤ የእጅ ዋጋውን ግን ለሁለተኛ ጊዜ የከፈልሁት እኔ ነኝ። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ቆመች።

በመጨረሻ ነገሩን የፈቱልኝ በዕድሜ የገፉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። እኒህ ሰው ከኪሳቸው ያወጡት መፍቻ ሳይሆን ቴስተር፣ ማለትም ቮልት የሚለካ መሣሪያ ነበር። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው የኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ቁልፉን አዙርና ያዝልኝ» አሉኝ። አዙሬ ስይዝ መለኪያው ከ3 ቮልት በላይ አሳየ። «ይህ ዜሮ አጠገብ መሆን የነበረበት ነው። ኃይልህ ሞተሪኖው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው» አሉኝ። ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብተው ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጥቁር ገመድ ፈትተው አወጡት። ከውጭ ሲታይ ምንም እንከን አልነበረውም። ጫፉ አካባቢ ላስቲኩን በቢላዋ ሲሰነጥቁት ግን መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያ ሁሉ የመዳብ ክር ጤነኛ ሆኖ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር። አዲስ ገመድ ቆርጠው፣ የሚታሰርበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፍቀው አሰሩልኝ። ያን ቀን ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው የዞረበትን ድምፅ ዛሬም አልረሳውም። በመጀመሪያ ያስፈታሁት የራሴ ሞተሪኖ ጤነኛ እንደነበረ የገባኝም ያን ጊዜ ነው። አዲሶቹ ሞተሪኖዎች ለጥቂት ቀናት የሠሩት ደግሞ ሲፈታና ሲገጠም ገመዱ ስለተነካካና የተረፉት ክሮች ለጊዜው ስለተገጣጠሙ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ለሚል አንባቢ ጥቂት ስሌት ላቅርብ። በቤታችን የምናበራው ባለ 100 ዋት አምፖል የሚወስደው ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። የመኪና ሁለት የፊት መብራቶች አንድ ላይ ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። ሞተሪኖ ግን በአነስተኛ የቤንዚን መኪና ከ100 እስከ 200 አምፔር፣ በናፍጣ መኪና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። እንግዲህ በዛገ ማሰሪያ ወይም በተበላ ገመድ ላይ የአንድ ኦም (የኤሌክትሪክ እንቅፋት የሚለካበት አሃድ) መቶኛ ያህል እንቅፋት ቢኖር፣ በመብራቱ 9 አምፔር ላይ የሚያጎድለው ከ0.1 ቮልት ያነሰ በመሆኑ ዓይን አያየውም፤ በሞተሪኖው 200 አምፔር ላይ ግን 2 ቮልት ሙሉ ይበላል። በዚህ ምክንያት «መብራቱ ደህና ከሆነ ባትሪውም ገመዱም ደህና ነው» የሚለው በየጋራዡ የምንሰማው አባባል ትልቅ ስሕተት ነው። እኔን ያከሰረኝም ይኸው አባባል ነው።

ለሹፌሮች ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ጆሯቸውን እንዲጠቀሙ ነው። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ አልነሣ ካለ ጉዳዩ የነዳጅ፣ የአየር ወይም የካንዴላ ነውና ከዚህ ደብዳቤ ውጭ ነው። እዚህ የምናገረው ጨርሶ ስለማይዞረው፣ ወይም እያማጠ ስለሚዞረው ነው። ቁልፉ ሲዞር በፍጥነት የሚደጋገም «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ራስ ላልቷል፤ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው፣ ወፍራሙን ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ) ለመያዝ የሚበቃ ኃይል ያገኝና ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር ኃይሉ ስለሚወርድ ይለቃል፣ ሲለቅ ኃይሉ ስለሚመለስ እንደገና ይይዛል። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብቻ ከተሰማ ደግሞ የፊት መብራቱን አብርቶ እንደገና መሞከር ነው። መብራቱ ጭልም ካለ ወደ ባትሪውና ወደ ራሶቹ እንመለሳለን። መብራቱ ምንም ሳይደበዝዝ «ቀጭ» ብቻ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ያዘነብላል፤ ሆኖም የእኔ ጉዳይ እንዳስረዳው ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው የኔጋቲቭ ገመድ ሲበላሽም የሚታየው ምልክት ይኸው ነው፤ መብራቱ በቦዲው በኩል የራሱ መመለሻ ስላለው ገመዱ ቢበላሽም አይደበዝዝም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ቴስተር ሳይዝ የሚፈርድ ሰው በግምት እየፈረደ ነው።

ቴስተር ዛሬ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ የሚገኝ፣ ከአንድ ሞተሪኖ ዋጋ ጋር የማይወዳደር መሣሪያ ነው። መኪናው አድሮ ጠዋት ሲለካ ጤነኛና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ጎድሏል፣ 12 ካሳየ ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። ቁልፉ ተይዞ ሞተሪኖው ሲሠራ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፤ በብርድ ማለዳ ትንሽ ዝቅ ቢል አያስደንቅም። ሞተሩ ተነሥቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት፤ ከዚህ ካነሰ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላው አይደለምና ባትሪ መቀየር ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውና ብዙዎች የማያውቁት ግን አዛውንቱ ያደረጉት ልኬት ነው። ሞተሪኖው እንዲዞር እየታዘዘ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ የሚጠፋው ኃይል ከግማሽ ቮልት፣ ከኔጋቲቩ ራስ እስከ ሞተሩ አካል ድረስ የሚጠፋው ደግሞ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሞተሪኖው አይነካም፤ መጀመሪያ ገመዱና ማሰሪያው ይጸዳል ወይም ይቀየራል። በባትሪው ራስ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ፈሳሹ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹን ማጥበቅ፣ ሲፈታ ኔጋቲቩን አስቀድሞ፣ ሲታሰርም ኔጋቲቩን በመጨረሻ ማድረግ ያስፈልጋል። በእጅ ሲወዘወዝ የሚነቃነቅ የባትሪ ራስ በ10 ቁጥር ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጠብቅ ስንት መኪና ከመገፋት እንደሚድን ያየ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ አካባቢያችን አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩ በእኛ ዘንድ ከሌላው ሀገር የሚብስበት ምክንያት አለውና። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ወጥተን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ቀኑን ቆላ ውለን ሌሊቱን ደጋ እናድራለን። ባትሪን የሚጎዳው በዋናነት ሙቀት ነው፤ ውሃው ይተንናል፣ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይበላሉ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ጉዳቱ ግን ቆላ እያለ አይታወቅም፤ በሙቀት የባትሪው ኃይል ስለሚፈጥንና የሞተሩ ዘይት ቀጭን ስለሚሆን የተዳከመ ባትሪም ያስነሣል። ያው ባትሪ ደብረ ብርሃን ሲያድር ብርዱ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ካለው ኃይል አንድ ሦስተኛውን ያህል ያጣል፤ ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሩ የሚጠይቀው ኃይል ከፍ ይላል። ባለመኪናው «ትናንት ሸዋ ሮቢት በአንድ ንኪ የተነሣች መኪና ዛሬ ምን አገኛት?» እያለ ሲገረም ሞተሪኖው ይከሰሳል። ስለዚህ በዚህ መስመር የምንሠራ ሰዎች የባትሪያችንን ውሃ ቆላ ሳለን ማየት፣ ከኅዳር በፊትም ባትሪያችንን ማስለካት ይገባናል።

ሞተሪኖ ፈጽሞ አይበላሽም ማለቴ ግን አይደለም። ገመዱና ባትሪው ተለክተው ጤነኛ ከሆኑ፣ ሞተሪኖው ዘንድ በቂ ኃይል ደርሶ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ያን ጊዜ ይፈታ። ሲፈታም ቢሆን ሁልጊዜ አይጣልም። በአገራችን እጅግ በበዙት የቶዮታ መኪኖች ላይ ያሉት ሞተሪኖዎች አንድ የታወቀ ድካም አለባቸው፤ ሶሌኖይዱ ውስጥ ወፍራሙን ኃይል የሚያገናኙት ሁለት የመዳብ ቁራጮች በየጊዜው በሚፈጠረው ብልጭታ እየተበሉ ይሄዱና የሚገፋው የመዳብ ሳህን ሳይነካቸው ይቀራል። አስር ጊዜ ተዞሮ በአሥራ አንደኛው የሚይዝ ሞተሪኖ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ቁራጮቹ ብቻቸውን ይቀየራሉ፤ ዋጋቸው ከሙሉው ሞተሪኖ ዋጋ ጋር ፈጽሞ አይነጻጸርም። በውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀው ከሆነም እነርሱ ብቻ ይቀየራሉ። ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ አድርጎ ሲመቱት የሚነሣ ከሆነ የካርቦን ማለቅ ምልክት ነው፤ ይህ ቤት ለመድረስ ይረዳል እንጂ ጥገና አይደለም፤ ማግኔት ባላቸው ሞተሪኖዎች ላይ በመዶሻ አብዝቶ መደብደብ ማግኔቱን ይሰነጥቀዋል። ኦሪጅናል የሆነ ሞተሪኖ ወልቆ ጥራቱ ያልታወቀ ሲተካበት ባለቤቱ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የተሻለውን ዕቃውንም ጭምር ነው የሚያጣው።

ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው ቀላሉ ነው፤ ፊውዙና ሪሌው (ለሞተሪኖው ኃይል የሚከፍተው ትንሽ ማብሪያ)፣ በአውቶማቲክ መኪና ማርሹ በፒ ወይም በኤን ላይ መሆኑ፣ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው መረገጡ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፦ በክረምት ጎርፍ ተሻግሮ የቆመ መኪና አልዞር ካለ በምንም መንገድ አስገድዶ ማዞር አይገባም። ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ከሆነ የሚሰበረው ከሞተሪኖ እጅግ የሚበልጥ ነገር ነው።

በዚህ ጉዳይ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሰው ሕይወት ነው። ስታርት አልወስድ ያለ መኪና ቁልቁለት ላይ ለቅቆ ማስነሣት በእኛ አገር እንደ ዘዴ ይቆጠራል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተፈለፈለው ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው አሉ። ሞተሩ በጠፋ መኪና ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ርግጫ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። በዚያ ጭጋግና በዚያ ገደል ላይ ማርሽ አስገብቼ አስነሣለሁ ብሎ መልቀቅ የተሳፋሪን ነፍስ ማስያዝ ነው። ሜዳ ላይ በሰው ኃይል መግፋት ይቻላል፤ አውቶማቲክ መኪና ግን ተገፍቶም አይነሣም። ሌላው አደገኛ ልማድ መኪናው ሥር ገብቶ የሞተሪኖውን ብሎኖች በካቻቪቴ ማገናኘት ነው። ማርሽ ላይ የቀረ መኪና በዚህ መንገድ ሲነሣ የሚሄደው ከሥሩ በተኛው ሰው ላይ ነው።

ከሌላ መኪና በገመድ ኃይል መዋስ ተገቢ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በመንገዳችን ላይ በቀላሉ የምናገኛቸው ብዙ የጭነት መኪኖች ባለ 24 ቮልት በመሆናቸው የእነርሱን ኃይል በቀጥታ ለ12 ቮልት መኪና መስጠት ኮምፒዩተሩንና አምፖሉን ያቃጥላል። ቮልታቸው እኩል ሲሆን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይታሰርና የመጨረሻው የኔጋቲቭ ጫፍ በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ባትሪው የሚያወጣው ጋዝ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና። ስታርት ሲደረግም በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አለመያዝ፣ በመካከሉም አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ሞተሪኖውን ከመቃጠል ያድነዋል።

ጉዳዩ ከአሁን በኋላ ይበልጥ የሚከብድ ይመስለኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉን መኪኖች ከነእርጅናቸው ለብዙ ዓመታት ያገለግሉናል፤ ገመዳቸውም አብሮ ያረጃል። ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሄደውም ሰው ከዚህ ነገር ጨርሶ አያመልጥም፤ ሞተሪኖ ባይኖረውም ብዙዎቹ መኪኖች ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፣ እርሱ ሲደክም መኪናው አይነሣም።

ስለዚህ የጋራዥ ባለቤቶች አንድ ሥርዓት እንዲያበጁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሞተሪኖ ከመፈታቱ በፊት የባትሪውም የገመዱም ልኬት ባለመኪናው ፊት ይለካ፣ ቁጥሩም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የወለቀውም ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። እንዲህ ቢደረግ በሐቅ የሚሠራው ባለሙያ ይከበርበታል እንጂ አይጎዳበትም፤ እኔን ከኪሳራ ያዳኑኝ አዛውንት በአንድ ልኬት ያተረፉት የዕድሜ ልክ ደንበኛ ነው። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም ለሠልጣኙ ጎማ መቀየርን እንደሚያሳዩት ሁሉ የባትሪ ራስ ማጥበቅንና ቴስተር ማንበብን ቢያሳዩት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅባቸውም። ጋዜጣችሁም ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ አንዲት ጠባብ ዓምድ ለእንዲህ ያለው የመኪና ጥንቃቄ ቢሰጥልን ብዙ የደጋ ሹፌር እንደሚያነባት እርግጠኛ ነኝ። ለመጀመሪያው ዕትም ሥዕል ካስፈለጋችሁ ያ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት የሆነው ገመድ ዛሬም በመኪናዬ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አለ፤ ፎቶግራፍ እንድታነሡት ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰሜን ሸዋ ሹፌር
ከደብረ ብርሃን